በሂርማታ ገበያና በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት የሚቀርብ ተውኔት ትያትር ነው ወይስ አይደለም?

የክበቡ አስተባባሪ

ለተከበራችሁ የዚህ የውይይት መድረክ አባላት፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። በጅማ ከተማ የአንድ የወጣቶች የትያትር ክበብ አስተባባሪ ነኝ። ለምናዘጋጀው የትያትር ምሽት ከቀረቡልን ሥራዎች መካከል ሁለቱ የመራጭ ኮሚቴያችንን ክፉኛ ስላከራከሩት የእናንተን ሐሳብ መስማት ፈልጌአለሁ።

የመጀመሪያው ሥራ በአዳራሽ የሚታይ አይደለም። ሁለት ተዋንያን በገበያ ቀን ሂርማታ ገበያ ውስጥ ገብተው፣ አንዱ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ይዞ የመጣ ገበሬ፣ ሌላው ቡና ገዢ ነጋዴ ሆነው በሚዛን ይጣላሉ። በዙሪያቸው ያለው ሰው ትያትር መሆኑን አያውቅም፤ ቆሞ ያያል፣ ይገላግላል፣ ይፈርዳል፣ ለአንደኛው ያግዛል። ንግግሩ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ነው፤ በጽሑፍ የቀረበልን ግን የጠቡ አነሳስና ጥቂት የመሸጋገሪያ ነጥቦች ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ሥራ በቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት የሚቀርብ ነው። አንዲት ተዋናይት፣ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ከሄደች ልጇ የስልክ ጥሪ የምትጠብቅ እናት ሆና በአንዲት ክፍል ውስጥ ትጫወታለች፤ ተመልካቹ በጽሑፍ ለሚልክላት ቃል ከገጸ ባሕርይዋ ሳትወጣ መልስ እየሰጠች ታሪኩን ወደፊት ትወስደዋለች። ከእነዚህ በተጨማሪ ተቀርጸውና ተቆራርጠው የተዘጋጁ አጫጭር የቲክቶክ ቀልዶችም ቀርበውልናል።

ከኮሚቴው ግማሹ ከእነዚህ አንዱም ትያትር አይደለም ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ እነዚህን ካልተቀበልን ክበቡ ከዘመኑ ጋር መሄድ አቅቶታል ባይ ነው። እኔ "ዘመናዊ ነውና ይግባ" በሚለው ክርክር አልረካሁም፤ "አዳራሽ የለውምና ይውጣ" በሚለውም እንዲሁ። ትያትርን ትያትር የሚያደርገው ምን እንደሆነ ሳንነጋገር ድምፅ እንዲሰጥ አልፈለግሁም።

የድሮ ኪነት

ልጄ፣ ነገሩን በድምፅ ብልጫ ከመዝጋትህ በፊት ወደዚህ ማምጣትህ ያስመሰግንሃል። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን በኪነት ቡድን ውስጥ ተጫውቻለሁ፤ ከዚያ በኋላም በመምህርነት ሳገለግል የተማሪዎችን ድራማ ሳዘጋጅ ኖሬአለሁ። ስለዚህ የምናገረው ያለ አዳራሽ ትያትር አይሠራም ከሚል እምነት ተነሥቼ አይደለም። እኛ ራሳችን በሜዳ ላይ፣ በመጋዘን ውስጥ፣ በቀበሌ ስብሰባ መሐል ተጫውተናል።

በእኔ እምነት የቀረቡት ሥራዎች የሚጎድላቸው በተዋናይና በተመልካች መካከል አስቀድሞ የሚደረግ ስምምነት ነው። ተመልካች ከሥራው ሰዓት ቀንሶ፣ ቲኬት ቆርጦ ሲመጣ ለዚያች ሰዓት የሚያሳዩትን እንደ እውነት ለመቀበል ወስኖ ነው። ተዋናዩም ያንን አደራ ለመወጣት ቃለ ተውኔቱን ያጠናል፣ ደጋግሞ ይለማመዳል፣ ድምፁን ሳይጮኽ እስከ መጨረሻው ወንበር ማድረስን ይማራል። ቡና ጠጡ ተብሎ ተጠርቶ የመጣ እንግዳና በመንገድ ሲያልፍ የቡናው ሽታ የደረሰው ሰው አንድ አይደሉም። የሂርማታው ሰው አልተጠራም። በቲክቶክ ያለውም ቢሆን እግረ መንገዱን የደረሰ ነው፤ ካልጣመው ጣቱን አንሸራቶ በቅጽበት ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ ተዋናይቱም መሄዱን እንኳ በውል አታውቅም።

ሌላው የሚያሳስበኝ የሙያው ነገር ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. በሩን የከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር የምንለው ቤት፣ ለዚህች አገር ያበረከቱት ግንብ ብቻ አይደለም። ትወና ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን፣ አዘጋጅና የመብራት ባለሙያ፣ መድረክ ገንቢና አልባሳት አዘጋጅ በአንድ ሥራ ላይ ተሰባስበው እንዲለፉ አድርገዋል። ማንም በስልኩ ፊት ቆሞ የተናገረውን ሁሉ ትያትር ካልነው፣ ወጣቱ ይህን ሁሉ ልፋት የሚቀበልበት ምክንያት ምን ይሆናል?

ገቢር ሁለት

ጋሼ፣ ስለ ሙያው ያነሡት ስጋት የእኔም ስጋት ነው፤ ትያትር የተማርኩትም፣ ጅማ ተመልሼ የምኖረውም በእርሱ ምክንያት ነው። ነገር ግን ስምምነቱ አስቀድሞ መኖር አለበት በሚለው ላይ ልከራከርዎ።

የእኛ ዘመናዊ ተውኔት ራሱ እንዴት እንደ ጀመረ እናስታውስ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በእንስሳት ተረት ላይ ተመሥርተው የጻፉት ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ የታየው በትያትር ቤት አልነበረም፤ በቴራስ ሆቴል ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፤ ለአብዛኞቹ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ ነው። አውሬዎቹ ሲናገሩ የሚነቀፈው የዘመኑ አስተዳደር መሆኑ በተገለጠ ጊዜ ንግሥት ዘውዲቱ እንዲታገድ አዘዙ። የተመልካችነት ልማድ ባልነበረበት፣ ለተውኔት ተብሎ የተሠራ መድረክም ባልነበረበት ቦታ የተደረገ ሙከራ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ግን የአማርኛ ትያትርን ታሪክ የምንጀምረው ከእርሱ ነው። ስምምነቱ ተውኔቱ ከታየ በኋላ፣ በብዙ ዓመት ልማድ የተገነባ ነው።

እኔ የምይዘው መመዘኛ ከፖላንዳዊው አዘጋጅ ከየርዚ ግሮቶቭስኪ የመጣ ነው። ይህ ሰው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ትያትርን ትያትር የሚያደርገውን ለማወቅ አንዱን ነገር ከሌላው በኋላ ከመድረኩ አወጣ። ኩሉንና ቀለሙን አወጣ፣ ያማረውን አልባሳት አወጣ፣ የመድረክ ግንባታውን፣ ልዩ መብራቱን፣ የተቀዳውን ሙዚቃ አወጣ፤ ትያትሩ ግን አልሞተም። ሊያወጣው ያልቻለው በሕያው ተዋናይና በሕያው ተመልካች መካከል ያለውን ግንኙነት ብቻ ነበር። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ፣ ተመልካቹ በዚያች ሰዓት ተዋናዩን መለወጥ ይችላል ወይ የሚል ነው። ሲስቅ ተዋናዩ ይቆይለታልን? ዝም ሲል ተዋናዩ ያን ዝምታ ይሰማዋልን?

በዚህ ሚዛን "ቀጥታ" የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1881 ፓሪስ በተካሄደ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ክሌማን አዴር የተባለ መሐንዲስ ከኦፔራ ቤት መድረክ በስልክ ሽቦ ድምፅ አስተላልፎ ሰዎች በሌላ ቦታ ሆነው በጆሮአቸው እንዲከታተሉ አድርጎ ነበር፤ በኋላም ይኸው የንግድ አገልግሎት ሆኖ እስከ 1932 ዘልቋል። አድማጩ የሚሰማው በዚያችው ደቂቃ የሚዘፈነውን ነበር። ዘፋኙ ግን አድማጩ ቢያለቅስም ቢተኛም አያውቅም። ይህ የትያትር ስርጭት እንጂ ትያትሩ ራሱ አይደለም። በአንጻሩ የእናቲቱ ሥራ ተመልካቹ በላከው ቃል የሚለወጥ ከሆነ ከዚያ የፓሪስ ስልክ ይልቅ ለትያትር የቀረበ ነው። ተቀርጸው የተቆራረጡት ቀልዶች ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን አጭር ፊልም ናቸው፤ በፊልምነታቸው ይመዘኑ።

ፈረንጅ አራዳ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፤ ተመልካች ነኝ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በልጅነታችን ቤተሰቡ ሁሉ ሬዲዮ ከብቦ ድራማ ያዳምጥ ነበር። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. ይተላለፍ የነበረውን "የቀን ቅኝት" የተሰኘ ተከታታይ ድራማ የሰማ ሰው ምን ያህል እንደተወያየንበት ያስታውሳል፤ አድማጮች በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎችን ጽፈውለታል። ያም ሆኖ ማንም ትያትር ነው አላለውም፤ የሬዲዮ ድራማ ብለን ወደድነው፤ በዚህም ክብሩ አልተቀነሰም። በስልክ የሚሠሩ ልጆች ሥራቸው በራሱ ስም ቢጠራ የሚያጡት ምንድን ነው? ትያትር ካልተባለ ዋጋ የለውም ያለ ማን ነው?

ሰጦ ሰመሮ

ጥያቄው ለእኛ ስለሆነ ልመልስ። እኔ በቀጥታ ስርጭት ከሚጫወቱት አንዷ ነኝ።

ስሙ የሚያስፈልገን ከስሙ ጋር የሚመጣ ነገር ስላለ ነው። ትያትር የተባለ ሥራ የልምምድ ክፍል ያገኛል፣ አዘጋጅ ይመደብለታል፣ በበጀት ውስጥ ይገባል፣ ከታየ በኋላ የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠው ይተቹታል። የስልክ ጨዋታ የተባለ ግን በእያንዳንዳችን መኝታ ክፍል ይቀራል። ጋሼ የሙያው ልፋት እንዳይቀር የሚሰጉ ከሆነ፣ ሙያው ወደ እኛ የሚደርስበትን በር መዝጋት መፍትሔ አይመስለኝም።

ስለ አሠራሩም ማወቅ ላልቻለ ላስረዳ። ቀጥታ ስርጭት ሲከፈት ተዋናይቱ የምትለው ቃል ተመልካቹ ዘንድ የሚደርሰው በጥቂት ሰከንዶች ዘግይቶ ነው፤ የእርሱም መልስ እንዲሁ ዘግይቶ ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ነገር ተናግሮ ወዲያው ምላሽ መጠበቅ አይቻልም፤ ያንን ክፍተት በሥራ መሙላት ያስፈልጋል። ስልክ የምትጠብቀው እናት ሽንኩርት የምትከትፈው፣ ነጠላዋን የምታጥፈው፣ ስልኩን አንሥታ ዓይታ የምታስቀምጠው ለዚሁ ነው። ሁለተኛው ችግር የተመልካቹ ጽሑፍ ከሚነበበው በላይ ፈጥኖ ማለፉ ነው። ስለዚህ ከካሜራው ጀርባ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ አንዱን ጽሑፍ ከብዙ መካከል መርጦ በወረቀት ያሳያታል፤ ይህ ሰው ምን መምረጥ እንዳለበት ከአዘጋጁ ጋር አስቀድሞ ተለማምዷል። በአንድ ምሽት "እማዬ፣ እኔ ደኅና ነኝ፣ ክፍያ ስላልገባልኝ ነው ያልደወልኩት" ብሎ የሚጽፍ ይኖራል፤ በሌላው ምሽት ደግሞ "ልጅሽ ጠፍታለች፣ ሄደሽ ለቀበሌ አመልክቺ" የሚል ይመጣል። ሁለቱ ሁለት የተለያዩ ተውኔቶች ናቸው። ይህን ለመሸከም የሚያስፈልገው ዝግጅት ቃል በቃል ከሚጠና ተውኔት ያነሰ እንዳልሆነ ማንም ቢሞክረው ይረዳዋል።

ከጅሬን ሥር

የገቢር ሁለት መመዘኛ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን የጅማን ሰው አይበቃውም። የተዋናይና የተመልካች ሕያው ግንኙነት ብቻ ትያትርን የሚፈጥር ከሆነ፣ እዚህ አገር ትያትር ያልሆነ ምን አለ? በመውሊድ ሌሊት መንዙማ የሚያወጣው ሰው ከተቀባዩ ጋር ያለው ግንኙነት ከየትኛውም መድረክ ይበልጣል፤ ተቀባዩ ሲግል እርሱም ይግላል፣ ሲደክም ስልቱን ይለውጣል። ጌረርሳ፣ የኦሮሞን የጀግንነት ዜማ፣ የሚያወርድ ሰውም በፊቱ ያለውን ዓይቶ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርደውም ሴት የሐዘንተኛውን ፊት ዓይታ ነው ቃሉን የምትመርጠው። እነዚህን ትያትር ማለት ግን አይገባም፤ መንዙማው አምልኮ ነው፣ ሙሾውም እውነተኛ ሐዘን ነው። ማንም ሌላ ሰው መስሎ አልቆመም።

ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድነት ያስፈልጋል እላለሁ። አንደኛው ያነሣችሁት ግንኙነት ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው እርሱ ያልሆነውን ሆኖ መቆሙ ነው፤ ተመልካቹም መጨረሻ ላይ ይህን ማወቁ ነው። ከዚህ ተነሥተን ካየነው፣ በቲክቶክ ራሱን ሆኖ የሚያወራ፣ ከሌላው ጋር እየተፎካከረ "ታፕ ታፕ አድርጉ" የሚል ሰው ምንም ያህል ብዙ ተመልካች ቢኖረው ትያትር አልሠራም። እናቲቱ ግን ሠርታለች። የሂርማታው ነገር ግን ይከብደኛል። ተመልካቹ ተዋናዩ ገበሬ አለመሆኑን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ከሄደ፣ ለእርሱ ያየው ትያትር ሳይሆን ጠብ ነው።

የድሮ ኪነት

ከጅሬን ሥር የጻፍከው፣ እኔ ስምምነት ብዬ ለመግለጽ የፈለግሁትን በተሻለ አስቀምጦታል። ሌላ ሰው ሆኖ መቆምና ያንን ማወቅ፤ ከዚህ የተሻለ ሚዛን ማቅረብ አልችልም። በዚህ ሚዛን የእናቲቱን ሥራ ለመቀበል ልቤ ከፈቀደ ሰንብቷል፤ ልጄ ሰጦ ሰመሮም የልምምዱን ነገር ስታብራራ ከልቤ ሰምቻታለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ ይህም ገንዘቡ ነው። በትያትር ቤት ተመልካቹ በር ላይ ከፍሎ ከገባ በኋላ ሁሉም እኩል ነው፤ ከፊት የተቀመጠው ባለጸጋ ቃለ ተውኔቱን በብር ማስለወጥ አይችልም። በቲክቶክ ግን ስጦታ የሚባል ነገር አለ። በስርጭቱ መካከል አንዱ ትልቅ ስጦታ ሲልክ ሥዕሉ ማያውን ይሸፍነዋል፣ ድምፅ ያሰማል፤ ተዋናይቱም አመስግኚ የሚል ጫና ይመጣባታል። ልጇ የጠፋችባት እናት በዚያች ቅጽበት ስም ጠርታ ካመሰገነች ገጸ ባሕርይዋ እዚያው ሞተ ማለት ነው። ከዚያም አልፎ፣ ብዙ የሚልከው ሰው የሚፈልገው ዓይነት ለቅሶ እየበዛ፣ ታሪኩ ወደ ከፋዩ እየዘነበለ ይሄዳል። ይህ ካልተፈታ የቀረው ክርክራችን ሁሉ ዋጋ የለውም።

ሰጦ ሰመሮ

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፤ ስጦታው ሥራውን ይገድለዋል። ስጦታ መቀበያውን ከማስተካከያው መዝጋት ይቻላል፤ ለዚህ ሥራ ተዘግቶ እንዲጀመር እስማማለሁ። ክበቡ ክፍያ ከፈለገ በሌላ መንገድ፣ ከስርጭቱ ውጭ ይሰብስብ።

ሕግ አጥኚ ከቆጪ

በገበያው ሥራ ላይ ማንም በቂ ትኩረት ስላልሰጠ እኔ ልቆይበት።

ይህ ዓይነቱ አሠራር አዲስ አይደለም። ብራዚላዊው የትያትር አዘጋጅ አውጉስቶ ቦአል በስደት ላቲን አሜሪካን ሲዞር የማይታይ ትያትር ብሎ ያስፋፋው ነው። እርሱ ከሚተርካቸው ምሳሌዎች አንዱ በፔሩ ቺክላዮ ከተማ በአንድ ሆቴል ምግብ ቤት የተደረገው ነው፤ አንድ ተዋናይ ውድ ምግብ አዝዞ ከበላ በኋላ ሒሳቡን በጉልበት ሥራ ልክፈል ይላል፤ ቆሻሻ የሚጠርግ ሰው በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ ይጠይቃል፤ በሌሎች ጠረጴዛዎች የተቀመጡ ሌሎች ተዋንያንም ክርክሩን ያቀጣጥሉታል። ምግብ ቤቱ ሁሉ ስለ ደመወዝና ስለ ምግብ ዋጋ ይከራከራል። የዚያ ሥራ ኃይል ማንም ሊክደው የማይችለው ነው።

ነገር ግን ሂርማታ የሆቴል ምግብ ቤት አይደለም። በገበያ ቀን ከገጠር ጀንፈሉን ተሸክሞ የመጣ ሰው የዓመት ድካሙን ነው ይዞ የመጣው፤ ስለ ሚዛን የሚነሣ ጠብ ለእርሱ ጨዋታ አይደለም። በሚዛን ተታልሎ የሚያውቅ ሰው በተዋናዩ ነጋዴ ላይ ዱላ ቢያነሣ ማን ይጠየቃል? በአጠገቡ ያለ፣ ምንም ያላደረገ እውነተኛ ነጋዴ በዚያ ጠብ ምክንያት ስሙ ቢጠፋ ወይም ደንበኛው ቢሸሽ ካሳውን ማን ይከፍለዋል? ሁለቱ ተዋንያን የተለያየ ቋንቋ እየተናገሩ ቢጣሉ ነገሩ ከሚዛን ወጥቶ ሌላ መልክ እንዳይይዝስ ምን ዋስትና አለ? ደግሞም ወጣቶቹ ይህን በስልክ ቀርጸው ቢለጥፉት፣ ፊታቸው የተቀረጸው ሰዎች ፈቃድ አልሰጡም። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና፣ ከጅሬን ሥር እንዳለው ተመልካቹ ሳያውቅ መሄዱ ራሱ በሰው ላይ የሚደረግ በደል ነው።

ቦአል ራሱ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በውይይት ትያትር አሠራሩ ተዋንያኑ ትያትር መሆኑን ተናግረው አጭር ታሪክ ያሳያሉ፤ ታሪኩ በተበዳዩ ሽንፈት ያልቃል፤ ከዚያ እንደገና ይጀመርና ከተመልካቹ መካከል ማንም ሰው "አቁሙ" ብሎ ተነሥቶ የተበዳዩን ቦታ ወስዶ ሌላ መውጫ ይሞክራል። የሚዛኑ ታሪክ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ገበሬው ራሱ ተነሥቶ "እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር" ብሎ ገበሬውን ሲጫወት አስቡት።

ገቢር ሁለት

ሕግ አጥኚው ያነሣው ሐሳብ ከአፍሪካም ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 በኬንያ ሊሙሩ አጠገብ በምትገኘው ካሚሪዙ መንደር ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ከደራሲዎቹ ከንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር በራሳቸው ቋንቋ በጊኩዩ አንድ ተውኔት አዘጋጁ፤ ጣሪያ የሌለው ትያትር ቤቱንም በእጃቸው ሠሩት። ልምምዱ በገሃድ ስለነበር ተላላፊው ቆሞ ተዋናዩን ያርም ነበር፤ "ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም፣ ፋብሪካ ውስጥ እንዲህ አይደረግም" እየተባለ ተውኔቱ በመንደሩ አፍ ተቃና። መንግሥት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትያትሩን አገደ፣ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎንም ያለ ፍርድ አሰረ፤ በ1982 ደግሞ ትያትር ቤቱን አፈረሰው። ያ ሥራ ሙከራ ነበር፤ ታዳሚው ግን አንድም ቀን አልተታለለም። የሂርማታው ቡድን ልምምዱን በገሃድ ቢያደርግ፣ ነጋዴውም ገበሬውም ቢያርሙት፣ አሁን ካለው ረቂቅ የሚሻል ተውኔት ይወጣዋል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ስልኩ ሥራ ደግሞ፣ በሌላው ዓለም የተሞከረውን ማወቅ ይጠቅማል፤ ሁሉም አልተሳካምና። በ2010 (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዙ ሮያል ሼክስፒር ኩባንያ የሮሜዎና ጁልዬትን ታሪክ ለአምስት ሳምንታት በትዊተር አጫውቶት ነበር፤ ስድስት ተዋንያን የየገጸ ባሕርያቸውን መልእክት ይጽፉ፣ ለተመልካቹም ይመልሱ ነበር። ግንኙነቱ ነበረ፤ ድምፅና አካል ግን አልነበረም፤ ለእኔ ይህ በጎ ሙከራ ሆኖ ከትያትር ወዲህ የቀረ ነው። በ2021 መጀመሪያ ቀን ደግሞ በቲክቶክ ተጠቃሚዎች ዘፈን ተጀምሮ በባለሙያዎች የተጠናቀቀ ስለ አይጥ ምግብ አብሳይ የሚተርክ ሙዚቃዊ ተውኔት በኢንተርኔት ታይቶ ለተዋንያን መርጃ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቷል። ድርሰቱ በብዙ ሰው መሠራቱ አስደናቂ ነው፤ የታየው ግን ቀድሞ የተቀረጸ ነበርና ተመልካቹ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሊለውጥ አይችልም ነበር።

ትያትር ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉበት በ2020 ይኸው የእኛ ክርክር በአሜሪካ የዳቦ ጥያቄ ሆኖ ነበር። የመድረክ ተዋንያን ማኅበሩና የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋንያን ማኅበሩ በኢንተርኔት የሚተላለፍ ተውኔት የማን ክልል ነው በሚል ለወራት ተጣልተው፣ በዓመቱ መጨረሻ ገደማ ነው የተስማሙት። ተዋናዩ በየትኛው ውል፣ በምን ክፍያ እንደሚሠራ የሚወሰነው በዚህ ስም ስለነበር ነው። ፈረንጅ አራዳ "ስሙ ምን ያደርጋል" ላልከው መልሱ ይህ ይመስለኛል።

ፈረንጅ አራዳ

ይህኛው አሳምኖኛል። ስሙ እንጀራ የሚያስበላ ወይም የሚያሳጣ ከሆነ ክርክሩ ተገቢ ነው።

የክበቡ አስተባባሪ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ኮሚቴው ፊት አንብቤዋለሁ፤ ከብዙ ክርክር በኋላም የሚከተለውን ወስነናል።

የእናቲቱ ሥራ በትያትርነቱ ተቀባይነት አግኝቷል፤ ስጦታው ተዘግቶ፣ ስርጭቱም ሲጀመር ተውኔት መሆኑ በግልጽ ተነግሮ ይቀርባል። በአዳራሹ ያለው ታዳሚ በትልቅ ማያ እንዲከታተልና ከወንበሩ ሆኖ በስልኩ እንዲጽፍ አስበናል። ቀጥታ ስርጭት መክፈት የሚቻለው 18 ዓመት ለሞላው ብቻ ስለሆነ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አባሎቻችን በዝግጅቱ እንጂ በስርጭቱ ባለቤትነት አይሳተፉም። የገበያው ሥራ በቀረበው መልክ አልተፈቀደም፤ ቡድኑ ወደ ውይይት ትያትር ለውጦ፣ ልምምዱን በገሃድ አድርጎ እንዲያመጣው ጠይቀን ተስማምቷል። የተቀረጹት ቀልዶች በፊልም ምሽት እንጂ በዚህኛው አይገቡም።

አንድ ነገር ግን ኮሚቴው ሊመልሰው አልቻለም። ከጅማና ከአካባቢው ብዙ ሴቶች በቤይሩት፣ በሪያድ፣ በዱባይ በሰው ቤት እየሠሩ ነው። ስርጭቱ እዚያ ይደርሳል። ከእነርሱ አንዷ የገጸ ባሕርይዋን ልጅ መስላ ሳይሆን በእውነት ተቸግራ "እርዱኝ" ብላ ብትጽፍ ተዋናይቱ ምን ማድረግ አለባት?

ሰጦ ሰመሮ

ይህ በእኔ ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ አስቤበታለሁ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በማያው ላይ ለተዋናይቱ መታየት የለበትም። ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው መጀመሪያ ያየዋል፤ እውነተኛ መስሎ ከታየው ለተዋናይቱ አያሳያትም፤ በግል መልእክት ለጸሐፊዋ ይመልስላታል፤ አድራሻዋንና ያለችበትን ሁኔታ በሰው ፊት እንዳትጽፍም ይነግራታል። ተዋናይቱ በስሕተት ካነበበችው ግን ከገጸ ባሕርይዋ ትውጣ፤ ስሟን ትናገር፤ ተውኔቱ ለጊዜው መቆሙን ትግለጽ። የታመመ ተመልካች በአዳራሽ ቢወድቅ መብራት ይበራል እንጂ ትዕይንቱ አይቀጥልም፤ ይህም እንዲያው ነው።

ለዚህ ግን እኔና ጓደኛዬ ብቻችንን አንበቃም። አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ቢቻል ዓረብኛ የሚያነብ፣ በዓረብ አገር ኑሮን የሚያውቅ፣ በየከተማው ያለውን የቆንስላ ስልክ አስቀድሞ የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ከስደት ተመልሰው ጅማ ከሚኖሩ እኅቶቻችን መካከል ፈቃደኛ የሆነች ብትገኝና ክበቡ ተገቢውን ክፍያ ቢመድብላት፣ ልምምዱን ከእርሷ ጋር እንጀምራለን፤ ጽሑፍ የምትመርጠውም እርሷ ብትሆን እመርጣለሁ።